እቁብ፦ ከዕጣው በፊት ዋሱ

ሞጆ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ደረቅ ወደቧ ላይ ይራገፋል፤ የአዳማው፣ የአዲስ አበባውና የሐዋሳው መንገድ እዚሁ ይገናኛሉ። የቆዳ ፋብሪካዎቹ፣ ሆቴሎቹና የሉሜ ጤፍ ሲጨመሩበት፣ ለሠራ ሰው ገንዘብ አይታጣም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚመጣው በየቀኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጫኝና አውራጁ ማታ ማታ ይከፈለዋል፤ ባጃጅ ነጂው የባለንብረቱን ገቢ አስረክቦ የተረፈውን ኪሱ ይከታል፤ ቡና የምታፈላዋ የዕለቱን ሽያጭ መቀነቷ ላይ ቋጥራ ወደ ቤቷ ትገባለች። እንዲህ የሚገባ ገንዘብ እንዲሁ ይወጣል። ዘመድ ይደውላል፣ ልጅ ደብተር ይጠይቃል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል። ዕድሜውን ሙሉ ደፋ ቀና ብሎ ሃያ ሺህ ብር በአንድ ላይ ይዞ የማያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ይህን የሚበታተን ገንዘብ አንድ ላይ የሚይዝ ተቋም አለን። ሕንጻ የለውም፣ ማስታወቂያ አያስነግርም፣ ዘበኛ አልቀጠረም። እቁብ ነው። ሁላችንም ስለምናውቀው ማናችንም ልብ ብለን አላየነውም የሚል ቅሬታ አለኝ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ምንነቱን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ሰዎች በቋሚ ቀን እኩል ይጥላሉ፤ ድምሩን በየተራው አንድ ሰው ይወስዳል፤ ሁሉም እስኪደርሰው ይቀጥላል። ከዕድር ጋር የሚያምታታ ካለ፣ ዕድር ለሐዘን ነው፣ እቁብ ለሥራ። የቀን አለ፣ የሳምንት አለ፣ የወር አለ። ሙሉ ዕጣ መጣል ያልቻለ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ ግማሽ ይጥላል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ሰብሳቢ አለው፤ በትንንሾቹ ሦስቱንም አንድ ሰው ይዟቸው ይገኛል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ በጻፉት ጥናት፣ ደጀኔ አረዶም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ስለዚሁ ተቋም በሰፊው ጽፈዋል፤ ፍላጎቱ ያለው ከዚያ ይጀምር። ጎረቤታችን ሶማሌው ሀግባድ ይለዋል፣ ጋናዊው ሱሱ፣ ሜክሲኳዊው ታንዳ።

ዕጣ ሲወጣ ማየት እወዳለሁ። ሞጆ ላይ አንድ ጎሚስታ ግቢ ውስጥ እሁድ ከሰዓት የሚሰበሰብ እቁብ አለ። አባላቱ ባጃጅ ነጂዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ሁለት ከባድ መኪና ሾፌሮች፣ አንድ ትራንዚተር፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ሽንኩርት የምታከፋፍል ሌላ ሴትና የጎሚስታው ባለቤት ናቸው። አሮጌ ጎማ ተደርድሮ ወንበር ይሆናል። ጸሐፊው ባለ ካሬ ደብተር ቅጠል ይገነጥልና በማስመሪያ እኩል እኩል ይቆርጣል። ስም ይጽፋል። እያንዳንዱን ወረቀት አንስቶ ለሁሉም ጮክ ብሎ ያነብና እዚያው ጠቅልሎ ባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። አንዱ ጥቅል ከሌላው ወፈር ካለ ‘ይሄ ወፍሯል’ የሚል ይነሳል፤ ይፈታና እንደገና ይጠቀለላል። ጣሳው ይናጣል። ከደጅ ሲጫወት የነበረ ሕፃን ይጠራል፣ ፊቱን አዙሮ አንድ ያወጣል።

ስሙ ከተነበበ በኋላ እንግዳ ሰው ነገሩ ያበቃ ይመስለውና ለመሄድ ይነሳል። ዳኛው ግን ጣሳው ውስጥ የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስፈትቶ ያስነብባል። የአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ አለመግባቱ፣ የሌላውም አለመጉደሉ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ወረቀቶቹ ይቀደዳሉ፤ ለሚቀጥለው እሁድ አዲስ ይጻፋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ‘ስለምንተማመን አያስፈልግም’ ብለው ይህን የሚዘሉ እቁቦች አይቻለሁ። እንዲህ ያለው እቁብ ውስጥ አትግቡ። መተማመኑን ያመጣው ይኸው የወረቀት መፍታት ነው፤ እሱን አስቀርቶ መተማመን ማለት ጉልላቱን ይዞ ምሰሶውን መንቀል ነው።

ሒሳቡን እንየው። ሃያ ሰዎች በሳምንት 1,000 ብር ይጥላሉ እንበል። ድምሩ 20,000 ብር ነው። ብቻውን ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሳይነካው ከቻለ፣ 20,000 ብር የሚሞላለት በሃያኛው ሳምንት ነው። እቁብ የገባው ሰው ከአንደኛው እስከ ሃያኛው ባለው በማንኛውም ሳምንት ሊደርሰው ይችላል፤ አማካዩ አሥር ሳምንት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ብቻቸውን ቢያስቀምጡ ኖሮ ከሚሞላላቸው ቀን ቀድመው ያገኛሉ። ሃያኛው በዚያው ቀን ያገኛል፤ እሱም ቢሆን ሳይነካ ያቆየለት እቁቡ ነው። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮትና ግሌን ላውሪ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንኑ በቀመር አሳይተዋል። የጎሚስታው ዳኛ ቀመሩን ሳያይ ያውቀዋል፤ አዲስ አባል ሲያስረዳ ‘ማንም አይዘገይም፣ የሚቀድም ግን አለ’ ይላል።

ዕጣ ስላለው እቁብን ከቁማር የሚቆጥሩት አሉ። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ደረቅ ወደቡ አካባቢ ተራ ሲጠብቁ የሚውሉ ሾፌሮችና ረዳቶች ካርታ ይጫወታሉ። በትንሽ ብር፣ ሰዓቱን ለማሳጠር ነው። ከመሃላቸው ግን ‘ቀስ በቀስ አባዝቼ መነሻ አደርገዋለሁ’ የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ የሞጆ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ላስ ቬጋስም በዝቅተኛ መደብ ፖከር እየተጫወቱ የጨዋታ ካፒታል ለማፍራት የሚጥሩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ጠንቃቆቹ የሚመሩበት ደንብ አላቸው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘው ከሚቀመጡት ገንዘብ ሃያ ወይም ሠላሳ እጥፉን ለብቻው ያኖራሉ፣ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ጋርም አይቀላቅሉትም። ደንቡን አከብረዋለሁ። ገንዘብን ለይቶ ማኖር ትልቅ ነገር ነው፤ እቁብም የሚያስተምረው እሱን ነው።

ያም ሆኖ የጠረጴዛው ሒሳብ ሌላ ነው። አጫዋቹ ቤት ከእያንዳንዱ ጨዋታ ድምር 4 ዶላር ቢያነሳና በሰዓት 25 ጨዋታ ቢካሄድ፣ በየሰዓቱ 100 ዶላር ከጠረጴዛው ወጥቶ ይሄዳል። ዘጠኝ ሰው ከተቀመጠ፣ አንዱ ሳያተርፍ ሳይከስር ለመነሳት ብቻ በሰዓት 11 ዶላር ያህል ከሌሎቹ መውሰድ አለበት። ጎበዝ ተጫዋች ያንን አልፎ ያተርፍ ይሆናል፤ የስምንቱ ኪስ ግን ተደምሮ ይቀንሳል። እቁቡ ጋ እንምጣ፤ ሃያ ሰው ሃያ ጊዜ 1,000 ብር ሲጥል 400,000 ብር ገባ፣ 400,000 ብር ወጣ። አንዳንድ ቦታ የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው ይሰጣል፤ ሌላ ቦታ ለድካሙ ጥቂት ይቆረጥለታል። ከዚያ ውጭ ያንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት የሚሆንበት ቀዳዳ የለም። ዕጣው የሚናገረው ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚወስድ ብቻ ነው።

ቀድሞ መውሰድስ ምንድን ነው? ሰዉ በእጅጉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከእቁብ ነገር ሁሉ ይህን እወዳለሁና ጊዜ ወስጄ እናገራለሁ።

በመጀመሪያው እሁድ ስሙ የወጣለት ሰው ‘ዕድለኛ’ ይባላል። እልል ይባልለታል፣ ‘ጋብዘን’ ይባላል። ያ ሰው እስካሁን የጣለው 1,000 ብር ነው፤ የወሰደው 20,000 ብር ነው። አሥራ ዘጠኝ ሺሁ የሌሎቹ ነው። በዚያች ቀን የሞጆ ባጃጅ ነጂ ያለ ወለድ፣ ያለ ቤት መያዣ፣ ማመልከቻ ሳይጽፍ የ19,000 ብር ተበዳሪ ሆኗል። ሁለተኛው የ18,000 ብር ተበዳሪ ነው። እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ሳይታወቃቸው አበዳሪ ሆነዋል።

አሥረኛውን ሳምንት አስቡ። አሥር ሰው ወስዷል፤ አሥር ሰው አልወሰደም። የወሰዱት እያንዳንዳቸው ገና 10,000 ብር ይቀራቸዋል። ድምሩ 100,000 ብር ነው። ከዚያ በፊት በነበረውም ሆነ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሳምንት ይህን ያህል ገንዘብ ሰው እጅ ላይ አይሆንም፤ በአምስተኛው 75,000፣ በአሥራ አምስተኛውም 75,000 ነው። ልምድ ያለው ዳኛ መሃሉ ላይ ሲደርስ ፊቱ የሚጠቁረው፣ አንድ ሰው አንድ እሁድ ሲቀር ቤቱ ድረስ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጭቅጭቁን ንዝንዝ የሚሉት ሒሳቡን ስለማያዩት ነው።

ይህን 100,000 ብር የሚጠብቀው ምንድን ነው? ዕጣው አይጠብቀውም። ዋሱ ነው የሚጠብቀው።

በጎሚስታው ግቢ ስም በተነበበበት ሰዓት ገንዘብ አይሰጥም። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋስ ነው። እኔ ባየሁበት አንድ እሁድ በሦስተኛው ሳምንት ለአንድ ወጣት ባጃጅ ነጂ ወጣለት። ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ ከዝዋይ በኩል ነው የመጣው። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ተመለከተው።

“ልጄ፣ ዋስህ ማነው?”

“ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ አለ፤ አዳማ ነው የሚሠራው።”

“አዳማ ያለ ሰው ለእኔ ዋስ አይሆነኝም። እዚህ የሚያውቅህ ማነው?”

ልጁ ዝም አለ። ሁሉም ዝም አለ። ቡና የምታፈላው ሴት ነጠላዋን አስተካክላ “እኔ እሆነዋለሁ” አለች። ለእሷ ገና አልደረሳትም።

“እትዬ፣ እርስዎ ገና አልወሰዱም። ቢጠፋ ከእርስዎ ነው የምቆርጠው፤ ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ቡና የሚጠጣው እኔ ጋ ነው። በዱቤ ጠጥቶ ሳይከፍል ያደረበት ቀን የለም።”

ዳኛው ጽፎ አስፈረማት፤ ልጁንም አስፈረመው፤ ሁለት ምስክር ጨመረ። ከዚያ ብሩ ተቆጥሮ ተሰጠ። አንድ ባንክ ይህን ልጅ ለመመዘን መታወቂያ፣ የገቢ ማስረጃና የቤት ካርታ ይጠይቃል። ሴትየዋ የመዘነችው በዱቤ ቡና ነው፤ ምዘናዋም ከወረቀቱ የሚያንስ አይመስለኝም። በየቀኑ ትንሽ ዕዳ ገብቶ በየቀኑ የሚከፍል ሰው በሳምንት 1,000 ብር እንደማያስቀር ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ልብ በሉ፣ ዳኛው የእሷን ዋስትና የተቀበለው ስላልወሰደች ነው። ይህ የብልህ ዳኞች ደንብ ነው። ያልወሰደ ሰው ዕጣው እቁቡ ጋ አለ፤ ዋስ የሆነለት ሰው ቢያፈገፍግ ከዚያ ላይ ይቆረጣል፣ ፍርድ ቤት መመላለስ የለም። የወሰደ ሰው ለወሰደ ሰው ዋስ ሲሆን ግን ሁለቱም ዕዳ ውስጥ ናቸው፤ ባዶ ባዶን ይዞ ቆመ ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ያልወሰደ ሰው ሲያልቅ ባለ ሱቅ ወይም ደመወዝተኛ ከውጭ ይጠራል። ትልልቅ የነጋዴ እቁቦች፣ በተለይ መርካቶ ያሉት፣ ቼክ አስፈርመው ይይዛሉ።

ዋስነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተሟጋች ዋስ ሳይጠራ ክርክር አይከፍትም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ዋስትና ሰፊ ክፍል አለው፤ ሰው ሁሉ ቢያውቃቸው የምመኛቸው ድንጋጌዎችም እዚያ ይገኛሉ። አንደኛ፣ ዋስትና በግምት አይኖርም፤ ግልጽ መሆን አለበት። ‘ጓደኛው ነው፣ አምጥቶት የገባው እሱ ነው’ ብሎ ሰውን ዋስ ማድረግ አይቻልም። ሁለተኛ፣ በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የገባበት የገንዘብ ከፍተኛ ልክ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። ሦስተኛ፣ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሁለት ምስክርም ያስፈልጋል። ብዙ እቁብ ውስጥ ግን ደብተር ላይ ‘ዋስ፦ እገሌ’ ተብሎ ይፈረምና ይታለፋል። ነገሩ የተበላሸ ዕለት ዳኛው ያንን ደብተር ይዞ የትም አይደርስም። ‘ለእገሌ ቀሪ ክፍያ እስከ 17,000 ብር ድረስ ዋስ ነኝ’ የምትል አንዲት መስመር ብትጻፍ እቁቡም ይጠበቃል፣ ዋሱም ስንት እንደሚጠየቅ ያውቃል።

ከመፈረማችሁ በፊት ‘በአንድነትና በነጠላ’ የሚል ሐረግ መኖሩንም እዩ። ካለ፣ ባለገንዘቡ ዋናውን ተበዳሪ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። ከሌለ፣ አስቀድሞ የተበዳሪው ንብረት እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ። አላነበብኩም ማለት አያድንም። ‘ወንድሜ ነው፣ እፈርምለታለሁ’ ብሎ ሳያይ የሚፈርም ሰው ደግነቱ ይገባኛል፤ ግን ወንድሙን አልጠቀመውም፣ ልጆቹንም አልጠበቀም። እንዲህ ፈርሞ ላም የሸጠ ሰው ሉሜ ውስጥ አውቃለሁ።

ሞጆ ላይ የዋስ ነገር ከሌላው ከተማ ይከብዳል፤ ሰዉ ተላላፊ ነውና። ሾፌሩ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሚሌ ነው፣ ከነገ ወዲያ ጅቡቲ። ለኮንትራት ሥራ የመጣው ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። ከተማዋ ለዚህ ያበጀችው ዘዴ ያስደንቀኛል። በአንዳንድ እቁብ እንግዳ ሰው መጀመሪያ በግማሽ ዕጣ ይገባል፤ አጣማሪው ነባር ሰው ነው። ለመጀመሪያው ዙር ከመሃል በኋላ እንዲወስድ ይስማማል፤ ስሙ ጣሳ ውስጥ የሚገባው አሥረኛው ሳምንት ካለፈ ነው። አንድ ዙር በሰላም ከጨረሰ በሁለተኛው ሙሉ ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን፣ እዚያው በር ላይ ይሰበስባሉ፤ ገንዘቡ ቤት ሳይደርስ ይጣላል።

የዋጋ ነገርም አለ። ‘ማንም አይዘገይም’ የሚለው ሒሳብ ትክክል የሚሆነው የዛሬ 20,000 ብር ከሃያ ሳምንት በኋላም ያንኑ የሚገዛ ከሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ባንክ ለቁጠባ እንዲከፍል የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ የባጃጅ መለዋወጫ ልገዛበት ብሎ መጨረሻ ዕጣ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ብልሆቹ ዙሩን ያሳጥራሉ። ሃምሳ ሰው ሰብስቦ ዓመት ከመጠበቅ አሥራ አምስት ሰው ሆኖ በአራት ወር ጨርሶ እንደገና መጀመር ይሻላል፤ በአዲሱ ዙር መዋጮውንም ከዋጋው ጋር ማሳደግ ይቻላል።

ዕጣ መሸጥም ለዚሁ መፍትሔ ነው። የደረሰው ሰው ካልቸኮለ፣ ለቸኮለው ጥቂት ብር ተቀብሎ ይለቅለታል፤ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ወለድ ነው ብለው የማይነኩት አሉ፤ ብዙ ሙስሊም አባላት ባሉበት እቁብ መሸጥ ቀርቶ መለዋወጥ ብቻ ይፈቀዳል። በዚያ ላይ ልጅ የታመመበት፣ መኪናው ጉድጓድ የገባበት ሰው ተነስቶ ቢለምን፣ ዕጣ ሳይጣል እንዲሰጠው የሚስማሙባቸው እቁቦች አሉ። እኔ መለመኑን ከመሸጡ አስበልጣለሁ፤ የሚለምን ሰው ችግሩን ሃያ ሰው ፊት ይናገራል፤ የሰማውም ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ‘እንዴት ሆንክ’ ይለዋል።

አሁን የምቆጣው በሁለት ዓይነት ሰዎች ላይ ነው። አንደኛው ሦስት አራት እቁብ ገብቶ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሚጥል ነው። ይህ ሰው ገንዘብ እያፈራ ሳይሆን ዕዳ እያዘዋወረ ነው፤ አንዱ እቁብ ሲያልቅበት ሁሉም ይወድቅበታል፣ ዋሶቹንም ይዞ ይወድቃል። አንድ እቁብ በቂ ነው። መጠኑም ገቢያችሁ በቀነሰበት ሳምንት፣ ዝናብ ሲዘንብና ባጃጅ ሲበላሽ፣ የምትችሉት መሆን አለበት እንጂ ደህና በሠራችሁበት ሳምንት ልክ መሆን የለበትም። ሁለተኛው የወሰደውን ምን ላይ እንደሚያውለው ሳያስብ የሚገባ ነው። ሃያ ሺህ ብር በአንድ ላይ ሲመጣ ትልቅ ይመስላል፤ በሁለት ሳምንት ግብዣና በአዲስ ስልክ ያልቃል፤ መክፈሉ ግን ገና ወራት ይቀረዋል። የጎሚስታው ባለቤት የአየር መሙያ ኮምፕረሰሩን የገዛው በእቁብ ነው። ከመግባቱ በፊት የኮምፕረሰሩን ዋጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ጠይቆ፣ በዚያ ልክ ዕጣውን ወስኖ ነበር። እንዲህ የገባ ሰው የመጨረሻው ዕጣ ቢደርሰውም አይደነግጥም፤ የሚፈልገውን ያውቃልና።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ መዋጮው በስልክ ሆኗል። ሰብሳቢው ከቤት ቤት አይዞርም፤ ገንዘብ ጨብጦ ማታ መንገድ ላይ መሄድ ቀርቷል። የእቁብ መተግበሪያዎችም መጥተዋል፤ ዕጣውን ኮምፒውተር ያወጣዋል። ደስ ይለኛል፤ ሒሳብ ሳይጠፋ ይቀመጣል፣ ጸሐፊው ‘ከፍለሃል፣ አልከፈልክም’ ብሎ አይጨቃጨቅም። የሚያሳስበኝ ግን አለ። ሰው ገንዘቡን ልኮ ሲቀር፣ ዕጣው እየወጣ ዋሱ ይጠፋል። ቡና የምታፈላዋ ልጁን ያወቀችው በየጠዋቱ ስላየችው ነው፤ ዳኛውም እሷን ያወቃት በየእሁዱ ስለምትመጣ ነው። ፊት ለፊት ተያይቶ የማያውቅ ሃያ ሰው በመተግበሪያ ተሰብስቦ አንዱ ሲጠፋ ቤቱን የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያሉ ስብስቦች ላይ የደረሰውን ሰምቻለሁ፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንኳ አይተዋወቁም ነበር።

የጎሚስታው እቁብ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ደንብ አውጥቷል። ብሩን በስልክ መላክ ይቻላል። እሁድ ግን መቅረብ ግዴታ ነው። ሁለት እሁድ ተከታትሎ የቀረ ሰው ብሩ ቢገባም ስሙ ጣሳ ውስጥ አይገባም፤ ተመልሶ ሲመጣ ይገባል። ጅቡቲ መንገድ ላይ ላለ ሾፌር አንድ ፈቃድ ተሰጥቷል፤ በሌለበት እሁድ ዋሱ ይቀርብለታል፣ ስሙ ሲነበብ ‘አለ’ ይልለታል። ዋሱም ከቀረ የሁለቱም ስም ጣሳ ውስጥ አይገባም።